ወደ ጥያ ከመሄድዎ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ለእሁድ ሽርሽር የተመቸ ነው፡፡ ጠዋት የወጣ ሰው መልካ ቁንጥሬ ላይ የቅድመ ታሪክ ሥፍራውን አይቶና አዋሽን ተሻግሮ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ጥያ ይደርሳል፡፡ ሠላሳ ስድስቱን ትክል ድንጋዮች፣ በላያቸው የተቀረጹትን ጎራዴዎችና ፍቺያቸው እስከ ዛሬ ያላለቀላቸውን ምልክቶች ዞሮ ለማየት አንድ ሰዓት ይበቃል፡፡ ጥያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ መልካ ቁንጥሬ ከባልጪት ጋር በ2024 ሲመዘገብ መንገዱ የሁለት ቅርሶች መንገድ ሆኗል፡፡ ችግሩ የሚመጣው ከጉብኝቱ በኋላ ነው፡፡ ቤተሰቡ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ይገባል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፡፡

በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ምርመራውን ወዲያው ይጀምራል፡፡ አንዱ “ባትሪ ነው” ይላል፤ ሌላው “ካንዴላው ይፈታ” ይላል፤ ሦስተኛው ለመግፋት እጅጌውን ይሰበስባል፡፡ ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ባትሪው ሊጠረጠር አይገባም፡፡ ጠዋት ያለ ችግር የሠሩ አራት ካንዴላዎችም በአንድ ሰዓት እረፍት ውስጥ ተመካክረው አይበላሹም፡፡ መኪናዋ አሮጌና ባለ ካርቡራተር ከሆነች፣ ቀኑም ሞቃት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አልተበላሸችም፡፡ ምን እንደሆነች ወደ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

አሮጌ መኪና ማቆየት በአገራችን የፍላጎት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፡፡ ስለዚህ በእጅ ያለችው ዲኤክስ፣ ላዳ ወይም ቮልስ ለልጅም ልትተርፍ የምትችል ንብረት ናት፡፡ ባለቤቷ ብዙውን ጊዜ የተማረና በራሱ ሙያ የተከበረ ሰው ነው፡፡ ጋራዥ ሲገባ ግን እንደ ሕፃን ይሆናል፤ የተባለውን ሰምቶ የተጠየቀውን ይከፍላል፡፡

ለዚህ አንዱ ምክንያት ቋንቋው ይመስለኛል፡፡ የመካኒኮቻችን ቃላት ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፡፡ ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን በራሱና በሞተሩ አካል መካከል ተጋድሞ ውሃ፣ ዘይትና ጋዝ እንዳይቀላቀሉ የሚከለክለው ስስ መድፈኛ ነው፡፡ ካንዴላ ብልጭታ ትሰጣለች፣ ሞተሪኖ ሞተሩን ያስነሳል፣ ዲናሞ ባትሪውን ይሞላል፣ ቺንጊያ ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞር ቀበቶ ነው፡፡ ሰልባቲዮ ነዳጅ የሚቀመጥበት ነው፡፡ ይህን ያህል ያወቀ ሰው ከመካኒክ ጋር መነጋገር ይችላል፡፡

ከቃላቱ የሚበልጠው ግን የአጠያየቅ ልማድ ነው፡፡ ብዙዎቻችን “ምኗ ነው የተበላሸው?” ብለን እንጀምራለን፡፡ ጠቃሚው ጥያቄ “መቼ ነው እንዲህ የምታደርገው?” የሚለው ነው፡፡ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? አንዱን በትክክል የመለሰ ሰው አንድም ብሎን ሳይፈታ ከሚጠረጠሩት ዕቃዎች ግማሹን ነፃ ያወጣል፡፡

ሲፈላ

“መኪናዬ ትሞቃለች” ብሎ ጋራዥ የሄደ ሰው “ጓርኒሲዮን በልቷል፣ ቴስታታ ይወርዳል” የሚል መልስ ሊሰጠው ይችላል፡፡ እውነት ሊሆን ይችላል፡፡ ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ርካሽ ዕቃ አለ፤ እሱም የራዲያተሩ ክዳን ነው፡፡

ነገሩ ከምንኖርበት ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ጠለል ነው፡፡ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፡፡ (አዲስ አበባ ላይ የተጣደ ንፍሮ ድሬዳዋ ላይ ከተጣደው የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡) የጤነኛ ሞተር ውሃ ደግሞ በሥራ ላይ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል፡፡ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት በብዙ መኪኖች ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ሲቃረብ ነው፡፡

ታዲያ በ92 ዲግሪ መፍላት የነበረበት ውሃ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስለሚያፍነው ነው፡፡ በውስጡ ያለው ሞላ ግፊቱን እስከ ተወሰነ ልክ ይይዘዋል፤ በብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ይህንኑ ልክ ያመለክታል፡፡ ክዳኑ ደህና ከሆነ ውሃው አዲስ አበባም ላይ ቢሆን ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም፡፡ ሞላው ከላላ ወይም የጎማ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ፣ ቴርሞስታቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይፈላል፡፡ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነዋሪ የላላ ክዳን ይዞ ብዙ ጊዜ ሊነዳ ይችላል፤ እኛ ያን ያህል ትርፍ የለንም፡፡ ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን አውጥተው ጎማውን ይዩት፣ ሞላውን በጣትዎ ይጫኑት፡፡ የጠነከረ፣ የተሰነጠቀ ወይም የዛገ ከሆነ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ይግዙ፡፡ ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በዓይን የሚመሳሰሉ ክዳኖች ቁጥራቸው ይለያያል፡፡

ክዳኑ ደህና ሆኖ ከሞቀች ወደ “መቼ” እንመለስ፡፡ ትራፊክ ውስጥ ቆማ የምትሞቅ፣ መንገድ ሲለቀቅላት ግን የምትበርድ ከሆነ የሚጠረጠረው ማራገቢያው ነው፤ ስትሄድ ነፋሱ የማራገቢያውን ሥራ ይሠራላታልና፡፡ ማራገቢያው በቺንጊያ የሚዞር ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው ቺንጊያውን በአውራ ጣት ይጫኑት፡፡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ ይንሸራተታል፡፡ በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ፊውዙን ይዩ፡፡ በተቃራኒው ስትቆም ደህና ሆና ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ስትነዳ የምትሞቅ ከሆነ ውሃው በበቂ መጠን እየዞረ አይደለም፡፡ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኗል፣ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል፣ ወይም የታችኛው የውሃ ጎማ ረጥቦና ለስልሶ በፓምፑ መሳብ እየተጣበቀ ነው፡፡

ሦስተኛው ዓይነት ውሃዋ በየቀኑ የሚጎድል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የማይገኝባት መኪና ናት፡፡ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፤ ከውስጥ ቡና በወተት የመሰለ አረፋ ካለ፣ ሞተሩ ሞቆም ከማርሚታው ነጭ ጭስ መውጣቱን ካላቆመ፣ ወይም በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተው ሲያስነሱ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከተንተከተከ መካኒኩ እውነቱን ነው፡፡ ቴስታታው ይውረድ፡፡ አጭር መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ክዳኑ ላይ ጥቂት አረፋ ብቻውን ሲታይ ከእርጥበት የመጣ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ አይፍረዱ፡፡

መንገድ ላይ ስትፈላስ? ቀስቱ መውጣት ሲጀምር የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ተሳፋሪው ይወበቃል፣ ሞተሩ ግን ጥቂት ሙቀት ይተነፍሳል፡፡ ካልወረደ ዳር ይዘው ያጥፉ፡፡ የጋለ ራዲያተር ፈጽሞ አይከፈትም፡፡ ክዳኑ ሲላቀቅ አፍኖት የነበረው ግፊት በቅጽበት ይጠፋል፤ ከ100 ዲግሪ ያለፈው ውሃም ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ደረት ላይ ይወጣል፡፡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ተይዞ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ይጠብቁ፡፡ ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርገው ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩት፤ ሲተነፍስ ቆይቶ ዝም ሲል ይክፈቱት፡፡ በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል፡፡ በጥቂት መቶ ብር ክዳን ሊያልቅ የሚችለው ጉዳይ ወደ ትልቅ ወጪ የሚለወጠው በዚህች ችኮላ ነው፡፡

“እዚህ አገር ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?” የሚል ክርክር በየጋራዡ ይሰማል፡፡ ኩላንት የመፍያውን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ዝገት መከላከሉ ነው፡፡ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ስትጠጣ የኖረች መኪና ራዲያተር ውስጡ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም፡፡ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድም አለ፡፡ ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ሞተሩ ከሚገባው ሙቀት በታች እየሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል፡፡ ቮልስ ያላችሁ ግን ይህን ሁሉ እለፉት፤ ሞተራችሁ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም ክዳንም የለውም፡፡ የእናንተ ጉዳይ ቺንጊያው ነው፤ እሱ ከተበጠሰ መንዳት በዚያው ይቆማል፡፡

አልነሳ ስትል

እዚህ ላይ ጆሮ ይበቃል፡፡ ቁልፉ ሲዞር ፍጹም ዝምታ ከሆነና መብራቱም ከደበዘዘ ባትሪው ወይም የባትሪው ጫፎች ናቸው፡፡ “ቀጭ” ብቻ ካለ፣ ወይም “ቀጭ ቀጭ ቀጭ” ካለ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ግንኙነቱ ላልቷል፤ መብራቱ ደምቆ ሳለ አንድ “ቀጭ” ብቻ ከተሰማ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል፡፡ በደንብ ዞራ ካልነሳች ደግሞ ወይ ቤንዚን አልደረሳትም ወይ ብልጭታ የላትም፡፡

ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ጫፎቹን ይዩ፡፡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካበቀሉ አሉታዊውን (ጥቁሩን) ቀድመው ይፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ያጥቡ፣ ይወልውሉ፣ ሲያስሩ ጥቁሩን በመጨረሻ ይሰሩ፡፡ ተራ የቮልት መለኪያ ካለዎት አዳሩን ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ሞተሩ ተነስቶ 14 አካባቢ ካላሳየ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው ወይም የቺንጊያው ነው፡፡ አዲስ ባትሪ ገዝቶ በሳምንቱ መልሶ የሚገፋ ሰው ይህችን ሁለተኛ ልኬት የዘለለ ነው፡፡

አሁን ወደ ጥያዋ መኪና፡፡ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ጠዋት ደህና ነበረች፣ ያስቸገረችው ሙቅ ሞተር ለአንድ ሰዓት ካሳረፉት በኋላ ነው፡፡ ሞተር ሲጠፋ ማራገቢያውም የውሃው ዝውውርም ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ግን ወደ ላይ ወጥቶ ካርቡራተሩንና የቤንዚኑን ፓምፕ ያግላል፡፡ ቤንዚን በቀላሉ የሚተን ነው፤ በደጋ አገር ደግሞ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ፈጥኖ ይተናል፡፡ ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ እንፋሎት ሲያገኝ በከንቱ ይለፋል፡፡ ወይም ካርቡራተሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ሞተሩ ይፈስና ያፍነዋል፤ ያኔ ጠንካራ የቤንዚን ሽታ አለ፡፡

መፍትሔው ትዕግሥት ነው፡፡ ኮፈኑን ከፍተው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፡፡ በቤንዚን ፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ የቀድሞ ሾፌሮች ዘዴ ነው፤ ይሠራልም፡፡ ከዚያ የነዳጁን ፔዳል ሳይደጋግሙ አንዴ እስከ ታች ረግጠው ይዘው ያስነሱ፡፡ ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ በየመካከሉ ያሳርፉት፡፡ አንድ ነገር ግን በማንም ምክር አያድርጉ፤ በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን ከዕቃ ማፍሰስ፡፡ ሞተሩ በዚያው አፍ ወደ ኋላ ሲተፋ እሳቱ በእጅ ያለውን ዕቃ ይዞ ይነሳል፡፡ ሲጋራ የያዘ ተመልካችም ይራቅ፡፡ ቤንዚን በግፊት የሚረጭላቸው አዳዲሶቹ መኪኖች በዚህ እምብዛም አይቸገሩም፡፡

ጨርሳ ብልጭታ እንደሌላት የሚጠረጠረው ሞተሩ ቀዝቅዞም ካልተነሳችና የቤንዚን ሽታ እያለ ከሆነ ነው፡፡ ከካንዴላዎቹ አንዱ ሽቦ ወልቆ እንደሆነ፣ የቦቢናው መካከለኛ ሽቦ መግባቱን፣ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ እርጥበት መኖሩን ማየት ለማንም አይከብድም፡፡ ሽቦ በባዶ እጅ ይዞ ብልጭታ መፈተሽ ግን ይቅርብዎ፡፡

ካንዴላዋ ምን ትላለች?

አዲስ የተገዛን መኪና ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ርካሽ መንገድ አላውቅም፡፡ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን በተራ ፈትተው ጫፋቸውን ይዩ፡፡ ቀለል ያለ ቡኒ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደንብ እየተነፈሰ ነው፡፡ ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል፡፡ ይህ በደጋ የተለመደ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር በእኛ ስስ አየር ውስጥ ቤንዚን ያበዛልና፡፡ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን ደግሞ ይብሳል፡፡ ካርቡራተር ከማስፈታትዎ በፊት ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሱት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር፡፡ እርጥብ፣ ዘይት የለበሰ ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ መኪናዋን ገና ያልገዟት ከሆነ ዋጋው ላይ እንደገና ይነጋገሩ፡፡

ፍሬን

ከላይ ያሉትን ሁሉ በራስዎ ይሞክሩ፤ ፍሬን ላይ ግን መመርመርና መጠገን ይለያዩ፡፡ መንገዱ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚፈተነው ይኸው ነው፡፡ ፔዳሉን በኃይል ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ወደ ታች ከሄደ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ከውስጥ እያሳለፈ ነው፡፡ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል፡፡ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች የአንዱ ጎማ ፍሬን ተጣብቋል ወይም ዘይት ነክቶታል፡፡ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ እየጎደለ ከሄደ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ሞልቶ ዝም ማለት አይገባም፡፡ የሞተር ዘይት እዚያ ውስጥ መጨመር ደግሞ የውስጥ ጎማዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል፡፡

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፡፡ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ልክ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፡፡ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፡፡ በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩት፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ፡፡ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱን ያየ ሰው ሽርሽሩን ለሌላ እሁድ ያሸጋግር፡፡

ለጥያ መንገድ ከስኮርታ ጎማና ከክሪክ ሌላ አምስት ሊትር ውሃ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ባለ 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ፣ ጥቂት ፊውዝ፣ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ይበቃል፡፡ ስኮርታው ራሱ አየር እንዳለው የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው፡፡

ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር፡፡ ጋራዥ ሲገቡ “ካርቡራተሯን እዩልኝ” አይበሉ፤ ፍርዱን ለመካኒኩ ትተው ምልክቱን ይስጡት፡፡ ለምሳሌ፦ “ጠዋት ደህና ትነሳለች፤ 40 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ዳገት ላይ ቀስቷ ይወጣል፣ ስትቆም ይወርዳል፤ ክዳኑ አዲስ ነው፣ ቺንጊያውን አይቻለሁ፡፡” ጥሩ መካኒክ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል፡፡ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ሁልጊዜ መልሰው ይቀበሉ፡፡ ቴስታታ ወርዶ ከሆነ አሮጌው ጓርኒሲዮን ይታይ፤ የተበላበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በዓይን የሚለይ፣ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ወደ ውሃው ቀዳዳ የሚዘልቅ ጥቁር መስመር ነው፡፡